የሐዋሳን ዋና ጎዳና ለእግረኛና ለሕዝብ ትራንስፖርት መልሶ መሥራት፦ ከልኬት እስከ መጀመሪያው ዝናብ

ሐዋሳ ለእግርና ለብስክሌት በሚመች መሬት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከታቦር ተራራ ግርጌ እስከ ፍቅር ሐይቅ፣ ማለትም እስከ ሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ፣ ያለው መሬት ለጥ ያለ ነው፤ ዛፍም አላጣችም። እንዲህም ሆኖ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ብዙ እግረኛ የሚራመደው አስፋልቱ ላይ ነው፤ ያውም የእግረኛ መንገድ በተሠራበት ጎዳና። ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ ጉልቱ፣ የመብራት ምሰሶው፣ ከሱቅ የወጣው ሸቀጥ ሁሉም መቆሚያ ይፈልጋሉ። ንድፉ መቆሚያ ካልሰጣቸው የእግረኛውን ይወስዳሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ አንድ ቅደም ተከተል ይከተላል፦ መጀመሪያ ለሚራመደው ያልተቋረጠ መስመር ይሰመራል፤ ቀጥሎ ቆሞ ለሚሠራው ሁሉ የታወቀ ቦታ ይሰጠዋል፤ የመኪናው ስፋት የሚወሰነው በመጨረሻ ነው።

መመሪያው የተጻፈው ለከተማ አስተዳደር መሐንዲሶች፣ ለአማካሪዎች፣ ለተቋራጮችና ሥራው በደጃቸው ለሚያልፍ ነዋሪዎች ነው። ለምሳሌነት የተወሰደው ከአጥር እስከ አጥር 30 ሜትር ስፋት ያለው ጎዳና ነው።

የጊዜ ሰሌዳው

የሐዋሳ ዝናብ በአብዛኛው ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ቁፋሮና የውሃ መውረጃ ሥራ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ማለቅ አለበት። ወደ ኋላ ሲቆጠር፣ ልኬትና ቆጠራ ትምህርት ቤትና ዩኒቨርሲቲ ክፍት በሆኑበት በሚያዝያና በግንቦት፣ ንድፍ በክረምት፣ የቀለም ሙከራ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይሆናል።

አንድ ቀን ከሰሌዳው ላይ በቀይ ይከበብ፦ ታኅሣሥ 19። ለቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ የቤተ ክርስቲያኑን ዙሪያና ወደዚያ የሚያደርሱትን ጎዳናዎች ይሞላል። በዚያ አካባቢ የተከፈተ ቦይ ቢዘገይ እስከ ታኅሣሥ 15 ተደፍኖ፣ ተጠቅጥቆ ለእግር መመቸት አለበት። የሲዳማ አዲስ ዓመት ፍቼ ጫምባላላ ወደሚከበርበት ወደ ጉዱማሌ በሚወስዱ መንገዶች ላይ የሚሠራ ደግሞ የበዓሉን ቀን አስቀድሞ ከአገር ሽማግሌዎች ይጠይቅ።

1ኛ ደረጃ፦ ከአጥር እስከ አጥር መለካት

አስፋልቱን ብቻ ለክቶ መጀመር የተለመደ ስህተት ነው። በየ25 ሜትሩ ከአንዱ አጥር እስከ ሌላው አጥር ድረስ ይለኩ። በእያንዳንዱ ልኬት ላይ የቦዩን ጠርዝ፣ የምሰሶውን ቦታ፣ የዛፉን ግንድ ውፍረት፣ የመኪና መግቢያ በሩን ስፋትና የየሱቁን ደፍ ከፍታ ይመዝግቡ። ደፉን መመዝገብ የሚረሳ ብዙ ነው። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ከሱቁ ደፍ 5 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ ከተነጠፈ ዝናቡ ሱቅ ውስጥ ይገባል፤ ባለሱቁም ሲሚንቶ አፍስሶ የራሱን ግድብ ይሠራል፤ የሚደናቀፈው እግረኛው ነው።

ንድፉን የሚወስነው አማካዩ ስፋት ሳይሆን ጠባቡ ቦታ ነው። 1 ኪ.ሜ. ውስጥ አንድ ቦታ ላይ 27 ሜትር ከተገኘ፣ እዚያ የሚጠበው የመኪናው መስመር ወይም አካፋዩ እንጂ የእግረኛው መስመር እንዳይሆን ከወዲሁ ይወስኑ። አጥር ማፍረስ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለሕዝብ ጥቅም ይዞታውን የሚለቅ ሰው አስቀድሞ ካሳ ሊከፈለው ይገባል፤ ይህ ሰውን ያስጨንቃል፣ ሥራንም ያዘገያል። አብዛኛው ዋና ጎዳና ባለው ስፋት ውስጥ መሠራት ይችላል።

በየ100 ሜትሩ ደግሞ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው የሙከራ ጉድጓድ በእጅ ይቆፈር፤ ሲቆፈርም የውሃ፣ የኤሌክትሪክና የኢትዮ ቴሌኮም ሠራተኞች በቦታው ይኑሩ። የመስመር ካርታ ቢኖርም መሬቱ የሚያሳየው ሌላ ሊሆን ይችላል። ወደ ሐይቁ በተጠጉ ቦታዎች ጉድጓዱ ውሃ ሊያፈልቅ ስለሚችል ያ ከፍታ ይመዝገብ፤ የቦዩ ወለል ከዚያ በታች መውረድ የለበትም።

2ኛ ደረጃ፦ ሰው መቁጠር

የተለመደው የትራፊክ ጥናት ተሽከርካሪ ይቆጥራል። በዚህ ዓይነት ቆጠራ 40 ሰው የጫነ አውቶቡስና አንድ ሰው የያዘ መኪና እኩል ናቸው፤ በእግሩ የሚሄደው ደግሞ ጭራሽ የለም። ለሦስት ቀን ይቁጠሩ፤ አንዱ የገበያ ቀን፣ ሁለተኛው ተራ የሥራ ቀን፣ ሦስተኛው እሑድ። ሰዓቱ ጠዋት ከ12:30 እስከ 2:30፣ እኩለ ቀን ከ5:30 እስከ 7:30፣ ማታ ከ10:30 እስከ 1:00። ጎዳናው ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚወጣ ሠራተኛ የሚያልፍበት ከሆነ የፈረቃ መለወጫው ሰዓት ይጨመር። በጨለማ በብዛት የሚራመዱት እነዚህ ሠራተኞች ናቸው።

በየተሽከርካሪው ዓይነት ውስጥ ያለው አማካይ ሰው ከናሙና ይወሰድ። ለማስረዳት ያህል፣ በአንድ ሰዓት 300 ባጃጅ በአማካይ 2.5 ሰው፣ 60 ሚኒባስ በአማካይ 11 ሰው፣ 200 የቤት መኪና በአማካይ 1.5 ሰው ይዘው ቢያልፉ፣ ባጃጆቹ 750፣ ሚኒባሶቹ 660፣ የቤት መኪኖቹ 300 ሰው አሳልፈዋል ማለት ነው። 60ው ሚኒባስ ከ200ው መኪና ከእጥፍ በላይ ሰው አጓጉዟል። ለአውቶቡስና ለሚኒባስ የተለየ መስመር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር የሚዘጋው በዚህ ስሌት ነው።

እግረኛው ሲቆጠር በእግረኛ መንገዱ የሄደውና አስፋልት ላይ የሄደው ለየብቻ ይጻፍ። አስፋልት ላይ የበዙበት ቦታ ሁሉ አንድ እንቅፋት አለው፤ ቆጣሪው እንቅፋቱን በስሙ ይመዝግብ፦ ክዳን የሌለው ቦይ፣ የባጃጅ ሰልፍ፣ የአሸዋ ክምር።

3ኛ ደረጃ፦ ፍጥነት መለካት

የራዳር መሣሪያ ባይኖርም ይቻላል። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ በትክክል 50 ሜትር ተራርቀው ሁለት ምልክት ያድርጉ፤ በሞባይል ሰዓት የ100 ተሽከርካሪዎችን ጊዜ ይያዙ። 50 ሜትሩን በ6 ሰከንድ ያለፈ በሰዓት 30 ኪ.ሜ.፣ በ3.6 ሰከንድ ያለፈ 50 ኪ.ሜ. እየነዳ ነው። ውጤቱን ከቀርፋፋው ወደ ፈጣኑ ደርድረው 85ኛውን ይውሰዱ፤ ንድፉ ዝቅ ማድረግ ያለበት እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በስቶክሆልም የወጣው የመንገድ ደኅንነት መግለጫ እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ቦታ ወሰኑ በሰዓት 30 ኪ.ሜ. እንዲሆን ይጠይቃል፤ ለከተማ ዋና ጎዳናም ዒላማው ይህ ነው። ልኬቱ ያለ ሰልፍ በሚነዳበት ሰዓት ይሁን። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተለካ ፍጥነት የመጨናነቁን እንጂ የመንገዱን ጠባይ አያሳይም።

4ኛ ደረጃ፦ ስፋቱን ማከፋፈል

ክፍፍሉ ከአጥር ተነስቶ ወደ መሐል ይገባል። ለ30 ሜትር ጎዳና፣ በአንድ ወገን፦

- ከአጥርና ከሱቅ ፊት 0.5 ሜትር፤ ደረጃና የተከፈተ በር የሚያርፍበት
- ምንም ነገር የማይቆምበት የእግረኛ መስመር 2.5 ሜትር
- የብስክሌት መስመር 2.0 ሜትር፤ ከእግረኛው 10 ሳ.ሜ. ዝቅ ያለ
- የመቆሚያ ቅጥ (ቆሞ የሚሠራው ሁሉ የሚያርፍበት ሰቅ) 2.3 ሜትር፤ ዛፍ፣ ምሰሶ፣ ፌርማታ፣ የባጃጅ ተራ፣ የጉልት ቦታ
- የአውቶቡስና የሚኒባስ መስመር 3.3 ሜትር
- የሌሎች ተሽከርካሪዎች መስመር 3.0 ሜትር

ድምሩ 13.6፣ ለሁለቱ ወገን 27.2 ሜትር ይሆናል። የቀረው 2.8 ሜትር የመሐል አካፋይ ነው።

የቅደም ተከተሉ ምክንያት ይጠበቅ። የመቆሚያ ቅጡ በብስክሌቱና በአስፋልቱ መካከል ካልሆነ፣ ባጃጅ ሰው ለማውረድ የብስክሌት መስመሩን ማቋረጥ ግድ ይለዋል፤ ቀስ በቀስም እዚያው መቆም ይጀምራል። ቅጡ አስፋልቱ ዳር ሲሆን ባጃጁ ከአስፋልት ገብቶ ከአስፋልት ይወጣል፤ ዛፉም እግረኛውንና ብስክሌተኛውን ባንድነት ያጠላል።

የመኪና መስመሩን ከ3.0 ወደ 3.5 ሜትር ማስፋት ደግ ሐሳብ ይመስላል። የሚያመጣው ግን ፍጥነት ነው፤ በሁለቱ መስመር የሚባክነው 1 ሜትር ደግሞ የአንድ ብስክሌት መስመር ግማሽ ያህላል። ለአውቶቡስ የሚሰጠው 3.3 መስተዋቱን ስለሚጨምር አይቀነስም።

የአውቶቡስ መስመሩን መሐል አካፋዩ ላይ ማድረግ በሌሎች ከተሞች ይሠራል። እኛ ጋ ግን የሚኒባሱና የተራ አውቶቡሱ በር በቀኝ በኩል ስለሆነ ተሳፋሪውን አስፋልት መሐል ማውረድ ይሆናል። ስለዚህ በቀኝ ጠርዝ ይቀመጥ።

ጎዳናው 20 ሜትር ብቻ ከሆነ ሁሉን በጥቂቱ ማጥበብ ለማንም አይበጅም። የሚተወው የብስክሌት መስመሩ ነው፦ በየወገኑ ከአጥር ጀምሮ ለእግረኛ 4.7፣ ለመቆሚያ ቅጥ 2.0፣ ለተሽከርካሪ አንድ የ3.3 ሜትር መስመር። ብስክሌተኛው ከመኪና ጋር ይሄዳል፤ ይህ የሚፈቀደው ግን በየ80 ሜትሩ ከፍ ያለ መሻገሪያ ተሠርቶ ፍጥነቱ በእርግጥ 30 ሲወርድ ብቻ ነው።

5ኛ ደረጃ፦ ለባጃጅና ለጉልት ቦታ መስጠት

ለሐዋሳ ጎዳና ይህ ከሁሉም በላይ ወሳኝ ደረጃ ነው። ባጃጅ ወርዱ 1.3 ሜትር፣ ርዝመቱ 2.6 ሜትር ገደማ ነው። በ2.3 ሜትሩ ቅጥ ውስጥ 1.8 ሜትር ስፋት ያለው ተራ ይሠራለታል፤ የቀረው 50 ሳ.ሜ. ብስክሌተኛውን ከባጃጁ የሚለይ ጠርዝ ነው። ለአንድ ባጃጅ 3 ሜትር፣ ለስድስት ባጃጅ 18 ሜትር። ተራው ከዋናው ጎዳና ይልቅ ወደ ሰፈር በሚገባው መንገድ አፍ ላይ፣ ከፌርማታው ከ30 ሜትር ሳይርቅ ቢሆን ይመረጣል። ከሚኒባስ የወረደ ተሳፋሪ አስፋልት ሳይሻገር ባጃጅ ካገኘ፣ ባጃጁም ፌርማታው ላይ ሰው ለመሻማት አይመጣም። ስንት ባጃጅ እንደሚቆም ከቆጠራው ይወሰዳል፤ የተራ አስከባሪዎቹና የማኅበሮቹ ተወካዮች ቦታውን ራሳቸው ሄደው ሳያዩ ንድፉ አይጽደቅ። የትኛው ጥግ ላይ ተሳፋሪ እንደሚበዛ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ባጃጅ ወደ እግረኛ መስመር እንዳይወጣ የኮንክሪት ምሰሶ ሲተከል በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት 1.2 ሜትር ይሁን። 1.3 ሜትር የሆነው ባጃጅ አያልፍም፤ የአካል ጉዳተኛ ጋሪ ግን እንደልቡ ያልፋል። በ1.5 ሜትር የተተከለ ምሰሶ ገንዘብ ማባከን ነው፤ በ80 ሳ.ሜ. የተተከለ ደግሞ ባለጋሪውን ያስቸግራል። ቁመቱ ከ80 ሳ.ሜ. አይነስ፤ ጉልበት ላይ የሚደርስ አጭር ምሰሶ ዓይነ ስውርን ይጥላል። በገብርኤል ዙሪያ ግን ምሰሶዎቹ ከመሬት የሚነቀሉ ይሁኑ። በንግሥ ቀን ሕዝብ ሲገፋፋ ቋሚ ምሰሶ አደጋ ነው፤ ለአምቡላንስም 3.5 ሜትር ክፍት መንገድ መኖር አለበት።

ለጉልት፣ ለጀበና ቡናና ለሊስትሮ በዚያው ቅጥ ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር 1.2 በ1.5 ሜትር የሆነ ቦታ በቀለም ይሰመር። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያሉት ነጋዴዎች ተቆጥረው በስም ይመዝገቡ፤ ቦታው መጀመሪያ ለነሱ ይሰጥ። ሳይቆጠሩ የተነሱ ሰዎች መሄጃ ስለሌላቸው ይመለሳሉ፤ ሲመለሱ የሚያገኙት ክፍት ቦታ ደግሞ የእግረኛው መስመር ነው። እንጀራቸው እዚያ ጎዳና ላይ ነውና ንድፉ እንደ ቆሻሻ ሊጠርጋቸው አይገባም።

6ኛ ደረጃ፦ ፌርማታ

ርቀቱ ከ300 እስከ 400 ሜትር። ቦታው መስቀለኛውን ካለፉ በኋላ 15 ሜትር ያህል ወደፊት ነው፤ ተሳፋሪው ከመኪናው ኋላ ስለሚሻገር የሚመጣውን ያያል፣ ይታያልም። ከመስቀለኛው በፊት የተሠራ ፌርማታ ላይ የቆመ አውቶቡስ ተሻጋሪውን ይከልለዋል።

መድረኩ በመቆሚያ ቅጡ ላይ ያርፋል፦ ስፋት 2.3፣ ርዝመት አንድ የ12 ሜትር አውቶቡስና ሁለት ሚኒባስ እንዲይዝ 28 ሜትር፣ ከፍታ 15 ሳ.ሜ.። የመጠለያው ምሰሶዎች ከኋላ ይተከሉ፤ ከፊት 1.5 ሜትር ባዶ ይቅር። ከመድረኩ ኋላ የሚያልፈው የብስክሌት መስመር ወደ 1.5 ሜትር ጠቦ፣ በሁለት ቦታ በ4 ሜትር ርዝመት ወደ እግረኛው ከፍታ ይውጣ፤ ብስክሌተኛው ፍጥነቱን የሚቀንሰውና ተሳፋሪው የሚሻገረው እዚያ ነው።

አስፋልቱን ወደ ውስጥ ቆርጦ ለመኪና መግቢያ ኪስ ማበጀት የተለመደ ነው፤ አያድርጉት። ኪስ ውስጥ የገባ ሾፌር ተመልሶ ለመውጣት ስለሚቸገር ከኪሱ ውጭ፣ አስፋልቱ ላይ ይቆማል፤ ተሳፋሪውም ወደ አስፋልት ይወርዳል። መኪናው በመስመሩ ላይ እንዳለ ቆሞ ቢጭን ይሻላል።

7ኛ ደረጃ፦ መሻገሪያና መስቀለኛ

ሰው የሚሻገረው በሚያመቸው ቦታ እንጂ ዜብራ በተቀባበት አይደለም። ስለዚህ ከቆጠራው ላይ ሰው የበዛበትን ነጥብ ፈልገው ዜብራውን እዚያ ያምጡ፤ ከአንዱ መሻገሪያ እስከ ቀጣዩ ከ100 ሜትር አይብለጥ። አጥር ሠርቶ ሰውን 300 ሜትር ማዞር አጥር የሚዘል ሰው ያበዛል።

መሻገሪያው ከፍ ያለ ይሁን። ከፍታው 15 ሳ.ሜ.፣ ከላይ ያለው ጠፍጣፋ በመኪናው አቅጣጫ 6 ሜትር፣ መውጫና መውረጃው እያንዳንዱ 1.8 ሜትር። ጠፍጣፋው 6 ሜትር የሆነው የአውቶቡስ የፊትና የኋላ ጎማ አንድ ላይ እንዲያርፍበት ነው፤ ባጠረ ቁጥር አውቶቡሱ ይናጣል፣ ሾፌሮችም እንዲነሳ ይጠይቃሉ። መብራት ጠፍቶ የትራፊክ መብራት ሲቆም እንኳ ይህ መሻገሪያ ሥራውን ይቀጥላል።

አንድ ሰው አራት መስመር ባንዴ እንዲሻገር አይጠበቅ። 6.3 ሜትር ተሻግሮ መሐል ላይ ቢያንስ 2 ሜትር ስፋት ባለው ደሴት ያርፋል፣ ከዚያ ሌላውን 6.3። የትራፊክ መብራት ካለ የእግረኛው ጊዜ በሰከንድ 1 ሜትር ይሰላ፤ አዛውንትና ሕፃን ያዘለች እናት የሚራመዱት በዚህ ነው።

ማዕዘኑ ላይ የከርቡ (የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ድንጋይ) ቅስት ራዲየስ ከ4 እስከ 5 ሜትር ይበቃል። 12 ሜትር የሆነ ቅስት መኪናው ሳይቀንስ እንዲታጠፍ ይጋብዛል። ወደ ሰፈር የሚገቡ መንገዶች አፍ ላይ የእግረኛው መስመር ሳይወርድ ቀጥ ብሎ ይለፍ፤ ወጥቶ የሚወርደው መኪናው ነው። አደባባይ ላይ ዜብራው ከክቡ አንድ የመኪና ርዝመት፣ 6 ሜትር ገደማ፣ ወደ ኋላ ይቀመጥ፤ መግቢያውም አንድ መስመር ብቻ ይሁን። በሁለት መስመር በሚገባበት አደባባይ አንዱ መኪና ለእግረኛው ሲቆም ሌላው ከጎኑ ያልፋል፤ ሰው የሚገጨው በዚህ ጊዜ ነው።

8ኛ ደረጃ፦ በቀለም መሞከር

ከርብ ከመፍረሱ በፊት ንድፉ በመንገዱ ላይ በልኩ ይሳል። ቀለም፣ የፕላስቲክ ኮን፣ አፈር የተሞላ በርሜልና አሮጌ ጎማ ይበቃሉ። በአዲስ አበባ ለገሃር መስቀለኛ በቀለምና በቀላል ቁሳቁስ የተደረገው ለውጥ ይህ መንገድ በአገራችን እንደሚሠራ አሳይቷል። ስድስት ሳምንት ይቆይ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውጤት አይቆጠር፣ ሰው ገና እየለመደ ነው። በአምስተኛው ሳምንት የ2ኛውና የ3ኛው ደረጃ ልኬት በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ይደገም። ጭነት መኪና የመታው በርሜል ሁሉ ቦታው ይመዝገብ፤ ቅስቱ ለዚያ መኪና ጠቧል ወይም መኪናው በዚያ ሰዓት መግባት አልነበረበትም፤ የትኛው እንደሆነ ያጣሩ። ለሱቆች የዕቃ ማውረጃ ሰዓት ጠዋት እስከ 2 ሰዓት ቢሆን ብዙውን ይፈታል።

9ኛ ደረጃ፦ ከመሬት በታች

ምሰሶ ያላነሳ ተቋራጭ ንጣፍ አይጀምር። ንጣፉ መሐል የቀረ ምሰሶ ለዓመታት እዚያው ይቆያል። በእያንዳንዱ መሻገሪያ ሥር 110 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሦስት ባዶ የፒ.ቪ.ሲ. ቱቦዎች በ80 ሳ.ሜ. ጥልቀት ይቀበሩ፤ ጫፋቸው ይደፈንና ቦታቸው በከርቡ ላይ ይቀረጽ። ነገ ኬብል የሚያሳልፍ ሁሉ አዲሱን አስፋልት የማይቆርጠው እነዚህ ካሉ ነው።

የሐዋሳ አፈር የእሳተ ገሞራ ነው፤ አሸዋማና ቀላል። በደረቁ የተጠቀጠቀ ቢመስልም ውሃ ሲያገኝ ይሰምጣል። ስለዚህ ቦይ ሲደፈን በ20 ሳ.ሜ. ድርብ እየተደረገ፣ ውሃ እየጠጣ፣ በኮምፓክተር እየተጠቀጠቀ ይሁን። አንድ ሜትሩን ባንዴ ደፍኖ ከላይ ብቻ የጠቀጠቀ ሰው ሥራው ከመጀመሪያው ዝናብ አያልፍም።

መሬቱ ለጥ ያለ መሆኑ ለእግር የጠቀመውን ያህል ለውሃ ይከብዳል። የቦዩ ወለል ቢያንስ በ100 ሜትር 30 ሳ.ሜ. ይውረድ፤ ውሃ መቀበያ በየ20 ሜትሩ ይከፈት። ከፍ ያለ መሻገሪያ ውሃ ስለሚገድብ፣ ውሃው ከሚመጣበት ወገን ወዲያው ከፊቱ አንድ መቀበያ ግድ ነው። ሐይቁ መውጫ የሌለው ስለሆነ ከጎዳና የታጠበ አፈር፣ ዘይትና ፕላስቲክ እዚያው ይቀራል፤ ዓሣ የሚበላ፣ ከዳሩ የሚኖር ሰው ሁሉ ይህ ሊቆረቁረው ይገባል። ስለዚህ እያንዳንዱ መቀበያ ከቱቦው አፍ በታች 40 ሳ.ሜ. የሚወርድ የደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ ይኑረው።

የቦይ ክዳን 50 በ60 ሳ.ሜ.፣ ውፍረቱ 10 ሳ.ሜ. የሆነ ብረት የገባበት ኮንክሪት ይሁን። ክብደቱ 72 ኪሎ ገደማ ስለሚሆን ሁለት ሰው አንስቶ ያጸዳል። የአንድ ሜትር ክዳን ለማንሳት አራት ሰው ስለሚፈልግ ሳይጸዳ ይቀራል። የብረት ክዳን ይሰረቃል። የክዳን ክፍተት ከ1.3 ሳ.ሜ. አይበልጥም፤ ክፍተቶቹም የብስክሌቱን አቅጣጫ የሚያቋርጡ ይሁኑ፤ በአቅጣጫው ከተዘረጉ ጎማ ይገባባቸዋል።

10ኛ ደረጃ፦ ንጣፍ

ከታች ወደ ላይ፦ የተጠቀጠቀ መሬት፣ 15 ሳ.ሜ. ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ወይም የተመረጠ ጠጠር፣ 4 ሳ.ሜ. አሸዋ፣ 6 ሳ.ሜ. የኮንክሪት ንጣፍ። የመኪና መግቢያ በር ላይ 8 ሳ.ሜ. ንጣፍ ሆኖ ሥሩ 10 ሳ.ሜ. ኮንክሪት ይጨመራል። 0.5ቱን ጨምሮ 3 ሜትር ስፋት ላለው የእግረኛ መንገድ፣ በአንድ ወገን ለ100 ሜትር የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

- 20 በ10 ሳ.ሜ. ንጣፍ፦ 15,000፣ ለብልሽት 5 በመቶ ተጨምሮ 15,750
- ሬድ አሽ፦ ተጠቅጥቆ 45 ሜትር ኩብ፣ በመኪና ሲመጣ 59 ያህል
- የማንጠፊያ አሸዋ፦ ተነጥፎ 12 ሜትር ኩብ፣ በመኪና ሲመጣ 15 ያህል
- 50 ሳ.ሜ. ርዝመት ያለው ከርብ ለአንድ ጠርዝ፦ 200፣ ከጀርባው ለሚደገፍበት ኮንክሪት 5 ሜትር ኩብ
- ለዓይነ ስውራን የሚነጠፍ 30 በ30 ሳ.ሜ. ባለመስመር ሰሌዳ፦ 334፤ መሻገሪያና ፌርማታ ላይ ነጠብጣቡ ለብቻ ይቆጠር

ከርቡ ከጀርባው ኮንክሪት ከሌለው ባጃጅ ሲገፋው ይዘነብላል፤ አሸዋው በክፍተቱ ይፈስሳል፤ ንጣፉ ይሰምጣል። የብዙ የእግረኛ መንገድ መበላሸት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ንጣፉ ወደ አስፋልቱ 2 በመቶ ያዘንብል። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ አይነጠፍ፤ ሲደርቅ ያምራል፣ ሲረጥብ ሰው ይጥላል። የብስክሌት መስመሩ አስፋልት ወይም ለስላሳ ኮንክሪት ይሁን፤ ኮብልስቶን ከተነጠፈ ብስክሌተኛው ትቶት ወደ አስፋልት ይወርዳል።

የመኪና መግቢያ በር ፊት የእግረኛውና የብስክሌቱ ከፍታ አይለወጥም። መወጣጫው በሙሉ በመቆሚያ ቅጡ ውስጥ ያልቃል፤ 15 ሳ.ሜ.ውን በ1.2 ሜትር መውጣት ይበቃል። በየበሩ የሚወርድና የሚወጣ የእግረኛ መንገድ በጋሪ ለሚሄድ ሰው የማያልፍበት ነው።

11ኛ ደረጃ፦ ዛፍና መብራት

ያለ ትልቅ ዛፍ አይቆረጥም፤ ቅጡ ወይም መስመሩ በዙሪያው ይዞራል። ለአዲስ ተክል ጉድጓዱ 1.2 በ1.2፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር፣ ርቀቱ 8 ሜትር። ዋንዛና ጃካራንዳ ጥላ ይሰጣሉ። ዘንባባ ቢያምርም የሚያጠላው ራሱን ነው፤ ዋርካ ሥሩ ንጣፍ ስለሚያነሳ ሰፊ አካፋይ ወይም አደባባይ ላይ ይተከል። ለሁለት በጋ በሳምንት ሁለቴ 20 ሊትር ውሃ የሚያጠጣው ሰው ማን እንደሆነ በውሉ ላይ ይጻፍ። መብራቱ 5 ሜትር ከፍታ ኖሮት በሁለት ዛፍ መካከል ይቁም፤ ለመኪና መንገድ የሚተከለው ረጅም ምሰሶ መብራት ከቅጠል በላይ ስለሚቀር ለእግረኛው አይበራም።

12ኛ ደረጃ፦ መረከብ

ከመረከብ በፊት በጋሪ የሚሄድ ሰው፣ አንድ ዓይነ ስውር፣ አንዲት እናት ከነሕፃኗ ጎዳናውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሂዱበት፤ የቆሙበት ቦታ ሁሉ ጉድለት ተብሎ ይመዝገብ። የ2 ሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ ንጣፉ ላይ ሲጋደም ከሥሩ ያለው ክፍተት ከ5 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። የዜብራው ቀለም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በሙቀት የሚቀባና የመስታወት ፍርፋሪ የተበተነበት ይሁን፤ ተራ ቀለም በወራት ይጠፋል። ከዚያ በቦቴ ውሃ ይፍሰስና የሚተኛበት ቦታ ይታይ።

ቦቴ ግን ዝናብን አይተካም። የመጋቢት የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ እንደቆመ መሐንዲሱ ጠመኔ ይዞ ይውጣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላም 1 ሳ.ሜ. ውሃ የተኛበትን ቦታ ሁሉ ይክበብ፣ ፎቶ ያንሳ፤ ተቋራጩ ያንን ሳያስተካክል የመያዣ ገንዘቡ አይለቀቅ። የደለል ጉድጓዶቹ ከዚያን ዕለት ጀምሮ እስከ ጥቅምት በየወሩ፣ ከሚቀጥለው መጋቢት በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ ይጸዱ፤ የወጣው ደለል በዚያው ቀን በመኪና ይነሳ፣ ቦዩ ዳር ከተከመረ ቀጣዩ ዝናብ መልሶ ያስገባዋል።